የበዓል መብራት ወጪው ቆጣሪ ላይ አይታይም

በታህሳስ 2008 ዓ.ም. ዋሽንግተን ያለ ሴንተር ፎር ግሎባል ዴቨሎፕመንት የሚባል የጥናት ተቋም አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ፣ ቁጥሩም ወዲያው በየሚዲያው ዞረ። አሜሪካኖች ለበዓል ቤታቸውንና ግቢያቸውን የሚያስጌጡበት መብራት ብቻውን በዓመት 6.63 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ኤልሳልቫዶር እንደ አገር 5.35 ቢሊዮን፣ ኢትዮጵያ እንደ አገር 5.30 ቢሊዮን ነው የምትጠቀመው ይላል። አዎ እኛም አለንበት። ፋብሪካው፣ ሆስፒታሉ፣ ምጣዱ፣ የመንገድ መብራቱ ሁሉ ተደምሮ ከሰው አገር ብልጭልጭ አነሰ ማለት ነው። ፈረንጆቹ ገናቸውን ሊያከብሩ ሲሉ ይሄ ቁጥር ከሆነ ቦታ ይወጣና ሼር ይደረጋል፣ ሰዉ ይናደዳል፣ ከዛ ይረሳል።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ ግን አርጅቷል። 6.63 ያለው ግምት የተሰራው በፈረንጆቹ 2008 ነው፣ ያኔ ደግሞ የበዓል አምፖል ሲባል በብዛት ያ የሚግለው ባለ ሽቦው ነበር፣ አሁን ገበያውን ኤልኢዲ ይዞታል። በዛ ላይ ይሄ ሁሉ ቢሊዮን ለአሜሪካ ከጠቅላላ ፍጆታዋ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። በእኛ በኩልም ነገር ተቀይሯል፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው 15.7 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ እና እሱ ብቻውን የአሜሪካኖቹን የገና መብራት ሁለት ጊዜ አብርቶ ይተርፈዋል። ስለዚ ስለነሱ መብራት መናደዱን ትተን እዚሁ ያለውን ብናይ ይሻላል።

እዚሁ ስል ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ አቃቂ፣ ባጠቃላይ አዲስ አበባ አለቀ ከተባለ በኋላ ያለውን ነው። መሀል ከተማ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ዛፉም ፖሉም ሕንጻውም መብራት ለብሷል፣ ያ ፋሽን ደግሞ መንገዱን ይዞ ወደ ዳር እየወጣ ነው። ከአዳማ ፈጣን መንገድ ወርዳችሁ በማታ በቱሉ ዲምቱ ብትገቡ ያልተለሰነ ሕንጻ እንኳን ጠርዙን በሰማያዊና በሀምራዊ ስትሪፕ (ያ የሚለጠፈው ረጅም የኤልኢዲ መብራት) ተከቦ ታገኙታላችሁ። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ አንደኛው ፎቅ ካፌ፣ ከዛ በላይ ገና ብሎኬት ነው፣ መብራቱ ግን ጣሪያ ድረስ ደርሷል። የሚሰቀለው ለፈረንጅ ገና ነው፣ ከዛ ለኛ ገና ይቆያል፣ ለጥምቀት ይቆያል፣ ለፋሲካ ይቆያል፣ ከዛ በቃ ማንም አያወርደውም፣ ራሱ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ዓመቱን ሙሉ የበዓል መብራት ነው።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያለውን እንጨርስ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚጨቃጨቀው እዛ ላይ ነው። የፕላስቲክ ጥድ ላይ ሚጠመጠመው ባለ 100 ፍሬ የኤልኢዲ ገመድ 5 ዋት አካባቢ ነው የሚስበው። ከምሽቱ 12 እስከ 6 ሰዓት ለ30 ቀን ቢበራ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ አንድ እንኳን አይሞላም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፣ የአንድ ሰዓት እንጀራ ጋገራ የዛን ጥድ መብራት አራት ወር ሊያበራ ትንሽ ነው የሚጎድለው። የድሮው ባለ ሽቦ ገመድ እንኳን 40 ዋት ቢሆን በወር 7.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ሁለት ዙር ጋገራ። እና አባትየው ካርድ ቶሎ አለቀ ብሎ ልጆቹ የሰቀሉትን ብልጭልጭ ሲነቅል ካየሁ ያሳዝነኛል፣ ካርዱን የበላው እኮ እሱ አይደለም፣ ምጣዱና የውሃ ማሞቂያው ነው፣ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተደርጎ ነው የወጣው። ካርዱ ባለፈው ዓመት ከሚቆየው ያነሰ የሚቆየው ለዚህ ነው።

የፈረንጆቹ የካርቦን ክርክርም እንዳለ እዚህ ቢገለበጥ አይሰራም። እነሱ ጋ ለመብራት የሚቃጠል ከሰልና ጋዝ አለ፣ እኛ ጋ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ከኔትወርኩ በሚመጣው መብራት ምክንያት ጭስ አለ ማለት ይከብዳል። ውሃ ነው ማለት ግን በነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ግንቦት 2011 ላይ የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ቀንሶ አገር በፈረቃ ሲያድር አይተነዋል። ደግሞ አሁን መብራት ወደ ውጭ ይሸጣል፣ ኬንያ በኪሎዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው የምትከፍለው።

እንግዲህ ወጪው የታለ? እኔ ሦስት ቦታ አገኘዋለሁ፣ አንዱም የቤት ቆጣሪ ላይ አይደለም።

አንደኛው ዕቃው ራሱ ነው። ከዓለም የገና ጌጣጌጥ አብዛኛው የሚሰራው ቻይና ውስጥ ኢዉ በምትባል ከተማ ነው፣ መርካቶ ሚደርሰውም ከዛው አካባቢ ነው፣ ማለትም በዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይተመን ከመባሉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ወር ሳይሞላ 100 አለፈ፣ ከዛ በኋላም እየጨመረ ነው የሄደው። ስለዚ አሁን ያን ባለ 100 ፍሬ የጥድ ገመድ ስትገዙ፣ ገመዱ ለሚበላው መብራት በዓመት ከምትከፍሉት በላይ ለዕቃው ነው የምትከፍሉት። ይሄ ደግሞ ቢቆይ ባልከፋ፣ ግን አይቆይም። ርካሹ ገመድ ሽቦው ፀጉር ነው የሚያክለው፣ አዳፕተሩ ውስጥ ያለው ነገር የኛን ቮልቴጅ መውጣት መውረድ አይችልም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቱግ ብሎ ይመጣል አይደል፣ ያኔ ነው ሚሞተው። በየዓመቱ ገና ሲደርስ እንደ አዲስ የሚገዛው ለዚህ ነው። ኤልኢዲ ረጅም ዕድሜ አለው የሚባለው እውነት ነው፣ ብርሃን የሚሰጠው ፍሬ፣ ዲዮዱ፣ አለው፣ አብሮት ያለው አዳፕተር ግን የለውም።

ሲሞት የት ይሄዳል? ጥሩ ጥሩው ለቆራሌው ይሰጣል፣ እሱም መዳቡን ነው የሚፈልገው። ከሽቦው ላይ ፕላስቲኩን በጣት መላጥ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚ ይቃጠላል። የሽቦ ልባስ በብዛት ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፣ ፒቪሲ ሲቃጠል ክሎሪን ያለበት ጭስና ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ነው የሚያወጣው፣ ርካሹ ላይ ደግሞ እርሳስም ይቀላቀልበታል። ቻይናም ይሄን አልፋበታለች፣ ጓንግዶንግ ውስጥ ሺጃው የምትባል ከተማ ከአሜሪካ በኮንቴይነር የሚመጣ አሮጌ የገና መብራት ትሰበስብ ነበር፣ ድሮ እያቃጠሉ መዳቡን ያወጡ ነበር፣ በኋላ ፈጭተው በውሃ እያንቀጠቀጡ መዳብና ፕላስቲኩን ለየብቻ ማውጣት ጀመሩ፣ ፕላስቲኩንም ለጫማ ሶል ሸጡት። እኛ ጋ እስካሁን ክብሪት ነው። ከተማው ዳር ላይ ባለ ክፍት ቦታ ማታ ማታ ያ የሚያንቅ ጥቁር ጭስ ሲሸታችሁ ምን እንደሆነ ገምቱ። የበዓል መብራት የአካባቢ ጉዳት የሚባል ነገር ካለ ለኔ በዋናነት እዚህ ጋ ነው ያለው፣ ጭሱን የሚስበው ደግሞ መብራቱን የሰቀለው ሰው አይደለም።

ሁለተኛው የሕንጻ መብራት ነው። አንድ ጂ ፕላስ 4 ሕንጻ ጠርዝ ጠርዙ በስትሪፕ ቢከበብ 200 ሜትር በቀላሉ ይሄዳል። በሜትር 8 ዋት ብንይዝ 1.6 ኪሎዋት ነው። ከ12 እስከ 6 ሰዓት ሲበራ በማታ 9.6፣ ዓመቱን ሙሉ 3,504 ኪሎዋት ሰዓት። ጥዷ በወር አንድ እንኳን አልሞላችም፣ አስታውሱ። ይሄንኑ ኤሌክትሪክ ለኬንያ በ6.5 ሳንቲም ብንሸጠው 228 ዶላር ገደማ ነው፣ ከአንድ ሕንጻ። ማስታወቂያ ስክሪኖቹ ደግሞ ሌላ ናቸው፣ እንደ ድምቀቱ ይለያያል እንጂ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ዋት የሚስብ ብዙ ነው፣ 50 ካሬ የሆነ ስክሪን ማለት ሦስት አራት ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ እስከ እኩለ ሌሊት እንደመጋገር ነው፣ እንጀራው ግን የለም።

አቃቂ አጠገብ አባ ሳሙኤል አለ፣ ከኢትዮጵያ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፣ ለአስርተ ዓመታት ተዘግቶ በቻይና ድጋፍ የታደሰው፣ አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነው። 1.6 ኪሎዋት የሚስቡ አራት ሺህ ሕንጻዎች ጠርዛቸውን ሲያበሩ አባ ሳሙኤል በሙሉ አቅሙ ቢሰራ ለነሱ ብቻ ነው ማለት ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ውስጥ አራት ሺህ ሕንጻ ብዙ አይደለም።

እና ጄኔሬተሩ! እኛ ዳር ያለን ሰዎች መብራት ከመሀል ከተማው በላይ ነው የሚሄድብን፣ በተለይ ዝናብ ሲያካፋ። መብራት ሲሄድ ሆቴሉና ሞሉ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ይሄ ይገባኛል ፍሪጅ አለ ሊፍት አለ፣ ግን የውጪው ጌጥ መብራት ከሌላው ጋር በአንድ መስመር ስለተሰራ እሱም አብሮ ይበራል። አነስ ያለ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢያወጣ ነው፣ ስለዚ ያ 9.6 ማለት በአንድ ማታ ከ3 ሊትር በላይ ናፍጣ ማለት ነው፣ ጭሱም 8 ኪሎ ተኩል ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከውሃ የሚመጣው መብራት ንጹህ ነው ያልኩት እዚህ ጋ ያበቃል። ናፍጣ በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ ተጭኖ መጥቶ ሰማያዊ ስትሪፕ ሲያበራ፣ ይሄ ብክነት ካልሆነ ብክነት የቱ ነው? ኤሌክትሪሽያኑን ‹የውጪውን መብራት ከጄኔሬተር መስመር አውጣልኝ› ማለት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው እኮ።

ሦስተኛው ትራንስፎርመሩ ነው፣ እኔ በጣም የሚቆጨኝም እሱ ነው። አገሪቷ መብራት አጥታ አይደለም ብዙ ጊዜ ሰፈራችን የሚጨልመው፣ መብራቱ ማከፋፈያ ጣቢያ ድረስ መጥቷል፣ ከዛ በ15 ኪሎ ቮልት ወደ ሰፈር ይገባል፣ ፖል ላይ ያለው ትራንስፎርመር ወደ ቤት መብራት ይቀይረዋል፣ ችግሩ እዛ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሲሰራ የታሰበው ሰውና አሁን የሚኖረው ሰው አይገናኝም፣ ከስር ወፍጮ ቤት ገብቷል፣ ብረታ ብረት ቤት ገብቷል፣ ዳቦ ቤት ገብቷል። አቅሙ 315 ኬቪኤ (ኪሎዋት እንደማለት ነው) የሆነ ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ ቢበዛ 90 ምጣድ ነው የሚችለው፣ ሌላ ምንም ሳይሰካ። የበዓል ዋዜማ ደግሞ ሁሉም ቤት ይጋግራል፣ ሁሉም ቤት ዶሮ ወጥ ይሰራል፣ ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ሰዓት ነው የሚቁላላው። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይቀላል፣ ምጣዱ አልግል ይላል፣ እንጀራው አይን አያወጣም፣ ከዛ ድም ይልና ፊውዝ ይበጠሳል ወይ ትራንስፎርመሩ ራሱ ይሄዳል። በዓል ስለሆነ ጥገና ቶሎ አይመጣም።

እዚህ ላይ የበዓል መብራቱ ጥፋተኛ ነው? ዋናው አይደለም፣ ዋናው ምጣዱ ነው፣ ምጣድ ይጥፋ የሚል ደግሞ የለም። ግን የጌጡ መብራት ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። ርካሽ የኤልኢዲ አዳፕተሮች ፓወር ፋክተራቸው፣ ማለትም ከሚስቡት ውስጥ በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ፣ ዝቅ ያለ ነው፣ 0.5 አካባቢ የሆኑ ሞልተዋል። ይሄ ማለት ቆጣሪው 1.6 ኪሎዋት ብሎ ያስከፍላል፣ በሽቦውና በትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ግን የ3.2 ያህል ነው። በሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። የቤት ቆጣሪ ይሄን አይቆጥርም፣ ስለዚ ባለ ሕንጻው አይከፍለውም፣ የሚከፍለው ዋዜማው ላይ ሊጡን ይዞ በጨለማ የተቀመጠው ጎረቤት ነው። በዛ ላይ ሰዓቱ! የጌጥ መብራት የሚበራው ልክ ሁሉም ቤት ገብቶ ሁሉም ነገር በተሰካበት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ነው። ቢያንስ በዋዜማ ያቺን ሦስት ሰዓት ተኩል ሕንጻዎቹ ቢያጠፉ ማን ይሞታል?

ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ የጋራ ቆጣሪ የሚባል ጣጣ አለ። የደረጃው መብራት የሚከፈለው በጋራ ነው፣ ለገና የሆነ ሰው ተነስቶ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ያስጌጠዋል፣ ያምራል፣ ልጆች ይደሰታሉ፣ ከዛ የጋራው ካርድ በወሩ አጋማሽ ያልቅና ኮሚቴው መዋጮ ይጠራል፣ አራተኛ ፎቅ ያለችው እትዬ ‹እኔ መች አድርጉ አልኩ› ትላለች፣ ልክ ናት። ቅድም እንዳልኩት በቁጥር ብናየው ገመዱ አይደለም የጨረሰው፣ ቀን ከሌት የማይጠፋው የደረጃ አምፖልና የውሃ ፓምፑ ነው፣ ግን ጠቡ የሚነሳው በሚታየው ላይ ነው።

ጥምቀት ሌላ ነው። የከተራ ማታ የሰፈር ወጣት አዋጥቶ መንገዱን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይና በመብራት ሲያለብሰው እኔ ወጪ ብዬ መቁጠር አልፈልግም፣ ታቦት የሚያልፍበት መንገድ ነው፣ በዓመት ሁለት ሦስት ማታ ነው፣ ከዛ ይነሳል። የረመዳን መብራትም እንደዛው። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ መስመሩ ከፖል ላይ ባይጠለፍ። በተላጠ ሽቦ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ቅጥያ፣ ከስሩ ሰው የሚረግጠው እርጥብ ቄጤማ፣ ይሄ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም የሕይወት ነው፣ ከአንድ ሱቅ ቆጣሪ በብሬከር ማውጣት ይቻላል።

ስለ ወፍና ነፍሳት ብዙ ሰው ሲያወራ አልሰማም፣ በአጭሩ ልንካው። አቃቂና አባ ሳሙኤል አካባቢ ያለው ረግረግ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች የሚያርፉበት ነው፣ ክሬን የሚባሉትን እግረ ረጅም ወፎች ያያችሁ ታውቃላችሁ። ስደተኛ ወፍ በብዛት በሌሊት ነው የሚበረው፣ ኃይለኛ መብራት አቅጣጫ ያስታል። የሚመጡበትና የሚቆዩበት ወቅት ደግሞ ከመስቀል እስከ ፋሲካ ያለው ነው፣ እኛ በየሕንጻው መብራት የምንሰቅለውም እዛው ውስጥ ነው። ነጭና ሰማያዊው ከቢጫው የባሰ ነው፣ ነፍሳትን ይሰበስባል፣ የሰውንም እንቅልፍ ያዛባል፣ መኝታ ቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው ሕንጻ ሌሊቱን ሙሉ ቀይ ሰማያዊ ቀይ ሰማያዊ ካለ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

ማጥፋት ደግሞ ውርደት አይደለም። በፈረንጆቹ 2022 አውሮፓ የኃይል ችግር ሲገጥማት ፓሪስ የሻንዜሊዜን የገና መብራት ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጠፋውን ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እንዲጠፋ አደረገች፣ ከተማዋ ፓሪስነቷ አልቀረም። እኛ አገር ግማሽ ገደማ ሕዝብ አሁንም መብራት የለውም፣ ህዳሴ ቢያመነጭም መስመሩ ገና አልደረሰውም። ይሄን የምለው መብራት የሰቀለ ሁሉ ይፈር ለማለት አይደለም፣ አንድ ስትሪፕ ቢጠፋ ገጠር ያለ ቤት ውስጥ አይበራም፣ ኤሌክትሪክ እንደዛ አይሰራም። ግን ታይመር የሚባል ነገር አለ፣ መርካቶ ይሸጣል፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ማንም የማያየውን መብራት ራሱ ያጠፋዋል።

ይሄን ሳወራ ሁሌ የሚገጥመኝ መልስ ‹ደህንነትስ?› የሚል ነው። እውነት ነው፣ እኛ ጋ የመንገድ መብራት ካለም አይበራም፣ ከማታ ሥራ የምትመለስ ልጅ ከታክሲ ወርዳ የምትሄደው በሱቆቹ ብልጭልጭ ብርሃን ነው፣ እሱ ከጠፋ ጨለማ ነው። ይሄ ክርክር ያሸንፈኛል፣ ግን ለጌጥ መብራቱ ሳይሆን ለመንገድ መብራቱ ነው የሚከራከረው። ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ስትሪፕ ፎቁን ነው የሚያሳየው፣ እግራችሁ ስር ያለውን ጉድጓድ አያሳይም። ያ 1.6 ኪሎዋት 60 ዋት የሆኑ 26 የመንገድ መብራቶችን ያበራል፣ በ30 ሜትር ርቀት ቢተከሉ 780 ሜትር መንገድ ነው። ከታክሲ ተራው እስከ እኛ ብሎክ ያለው መንገድ ይሄን ያህል አይሆንም፣ በዛ መንገድ ላይ ግን ጠርዛቸውን ያበሩ ሕንጻዎች ከአንድ በላይ ናቸው።